ከኦሜድላ እስከ ቡሬ፦ የ1933ቱ ዳገትና የጽናት ዋጋው

የመንገድ መሐንዲስ የሆነ ሰው የጦርነት ታሪክ ሲያነብ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በአዋጊዎቹ ስም ላይ አይደለም፤ ሠራዊቱ በየት በኩል እንዳለፈ በሚያሳየው ካርታ ላይ ነው። መሬቱ ምን ያህል ይወጣል? ውሃው የት ይገኛል? ጭነቱን የሚሸከመው ማን ነው? ይህ ጠባይ ከሙያው የሚመጣ ስለሆነ ለመተው አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የ1933 ዓ.ም. የነፃነት ዘመቻን ታሪክ ደጋግሞ ባነበበ ቁጥር ልቡን የሳበው ከውጊያዎቹ ይልቅ አንድ ዳገት ሆኖ አግኝቶታል።

እንደሚታወቀው፣ ስለዚያ ዘመቻ ሲነገር ሁለት ሥዕሎች ቀድመው በአእምሯችን ይመጣሉ። አንደኛው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ምድር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉበት ነው። ሁለተኛው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ነው። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል 105 ቀኖች አሉ። ከእነዚህም ቀኖች ውስጥ ከባዶቹ የተቆጠሩት ከቆላው ወደ ጎጃም ደጋ በሚያወጣው ዳገት ላይና ከዳገቱ በኋላ በቡሬ፣ በማንኩሳና በደንበጫ ጎዳና ላይ ነው። ሰልፉን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ዳገቱን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት የሆናችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለጥቂት ጊዜ ሰልፉን ትተን ዳገቱን አብረን እንድንመለከት እጋብዛችኋለሁ።

የመሬቱ ጠባይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ከወጣ በኋላ፣ ጎጃም ሜዳ ናት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ደንበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ እስኪሄድ ድረስ የሚያየው የተንጣለለ እርሻ፣ ማሽላና በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ፣ በየወንዙ ዳር የቆመ ዋርካ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሚሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው የ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ለመኪና ሞተር የሚከብድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሜዳ የአንድ ትልቅ ምሽግ ጣሪያ ነው። ከምሥራቅና ከደቡብ ዓባይ ጥልቅ ገደል ቆፍሮ እንደ ቀለበት ይዞረዋል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ መተከል ቆላና ወደ ሱዳን ጠረፍ ይወርዳል። በጠረፉ ያለው ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን፣ በአፋፉ ላይ የምትገኘው እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ ከጠረፍ ተነሥቶ እንጅባራ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 1,500 ሜትር ቀጥታ ከፍታ መውጣት አለበት ማለት ነው።

ይህን ቁጥር በሙያችን ቋንቋ እንተርጉመው። ጭነት የያዘ መኪና ሳይቸገር እንዲወጣ ተብሎ በየመቶ ሜትሩ ርዝመት 8 ሜትር ብቻ የሚወጣ መንገድ ቢነደፍ፣ 1,000 ሜትር ከፍታ ለማግኘት 12 ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድ ያስፈልጋል። መሐንዲስ በዳገት ላይ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ንግድ ነው፤ ርዝመት ሰጥቶ ከፍታ ይገዛል። መንገድ በሌለበት ግን ይህ ንግድ አይገኝም። እግረኛውና የጭነት ከብቱ ዋጋውን በአንድ ጊዜ፣ በትንፋሽና በጉልበት ይከፍላሉ። በ1933 ዓ.ም. በዚያ አፋፍ ላይ የተነደፈ መንገድ አልነበረም።

በአፋፉ ላይ የጠበቁት

ስለ ዳገት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ማንም ሰው ከላይ የሚቀበለው ከሌለ ዳገት ወጥቶ አይዘልቅም። የ1933ቱ ዘመቻ መነሻው ካርቱም ነው ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ከመሬቱ አንጻር ስንመለከተው ግን መነሻው የጎጃም ደጋ ነው። የጎጃም አርበኞች በተለይ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣሊያን ጦር በየምሽጉ ከብበው፣ ከምሽግ ወደ ምሽግ ያለ ሥጋት እንዳይንቀሳቀስ አድርገውት ነበር። በምዕራብና በመካከል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅ በላይ ዘለቀ፣ በሞጣ በኩል ልጅ ኃይሉ በለው፣ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው አፋፉን ይዘው ቆይተዋል። መሣሪያቸው ጥቂት፣ ጥይታቸው በቁጥር ነበር። በየጊዜው የሚወርድባቸው የአውሮፕላን ቦምብና የመንደር ቃጠሎ ግን ቁጥር አልነበረውም።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሲዮን 101 የተባለ አነስተኛ ቡድን የሱዳንን ጠረፍ ተሻግሮ ገባ። ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ ገበሬ ሆኖ የኖረ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረውት የተጓዙት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። ጉዞው የተጀመረበት ወር ማንኛውም የገጠር ሰው ለመንገድ የማይመርጠው ወር ነው። ቆላው በጭቃና በወባ፣ ደጋው በጭጋግና በጎርፍ የተያዘበት፣ ወንዞች ከአፍ እስከ ገደፋቸው የሞሉበት ክረምት ነበር። ይህ ግን አደጋ ብቻ ሳይሆን መሸፈኛም ሆነላቸው፤ ኢጣሊያኖች በዚያ ወቅት ሰው ያንን ዳገት ይወጣል ብለው አልጠረጠሩምና።

ቡድኑ ደጋው ላይ ደርሶ በሰቀላና በፋጉታ አካባቢ ከሠፈረ በኋላ፣ የመጀመሪያው ከባድ ሥራ ከጠላት ጋር መተኳኮስ አልነበረም፤ በደጃዝማች መንገሻና በደጃዝማች ነጋሽ መካከል የነበረውን ቅራኔ ማብረድ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአገራችን አነጋገር በዚያ ሠፈር በተግባር ተፈተነ። ሁለቱ ተስማምተው ባይተባበሩ ኖሮ ከታች የሚመጣው ሠራዊት ዳገቱን ወጥቶ የሚያገኘው የተከፋፈለ አገር በሆነ ነበር። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ኦርድ ዊንጌት በአነስተኛ አውሮፕላን በደጋው ላይ በተመቻቸ ሜዳ አርፎ ከሳንድፎርድ ጋር ሲመካከር፣ የተነጋገሩት ባዶ ተስፋ ስለመስጠት አልነበረም። የሚቀበል ሕዝብ ከላይ ስለነበረ፣ የቀረው ጥያቄ ጭነቱ እንዴት ይወጣል የሚለው ነበር።

ከኦሜድላ እስከ በላያ

ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሲሻገሩ የ48 ዓመት ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ራስ ካሣ ኃይሉን የመሰሉ መኳንንትና እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ነበሩ። የሚጓዙበት ምድር በቀርከሃና በእሾህ ቁጥቋጦ የተሸፈነ፣ ደረቅ ወንዞች የቆራረጡት፣ የሠለጠነ መንገድ ያልነበረው ቆላ ነው። ዊንጌት ኮምፓስ እየተመለከተ ዱሩን በቀጥታ አቋርጦ መኪኖችን ወደ በላያ ተራራ ለማድረስ ወሰነ። በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር አጭር ነው። በመሬት ላይ ግን ቀጥታው መስመር እያንዳንዱን ፈፋ በመጥፎ በኩል ይቆርጠዋል። መኪኖቹ በየፈፋው ተቀረቀሩ፤ ዛፍ መቁረጥ፣ ድንጋይ ማንሣት፣ መግፋት የዕለት ሥራ ሆነ። አብዛኞቹም መኪኖች ከበላያ ሳይደርሱ በየመንገዱ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ ሌላው ሁሉ በእግርና በከብት መጓዝ ግድ ሆነባቸው።

በጥር ወር መጨረሻ በላያ ደረሱ። በላያ ከቆላው መካከል ብቻውን የተነሣ ተራራ ሲሆን፣ በጊዜው የአካባቢው ሹም ፊታውራሪ ታፈረ ዘለቀ ነበሩ። ተራራው ለዘመቻው እንደ ደረጃ ሆኖ አገለገለ ለማለት ይቻላል። ተራራ የሚወጣ ሰው በመካከል ላይ ትንፋሹን የሚመልስበት፣ ስንቁን የሚያከማችበት እርከን ያስፈልገዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሳምንታት በበላያ ቆይተው ከየአቅጣጫው የሚመጡትን የአገር ሰዎች ሲቀበሉ፣ ከበስተ ምሥራቅ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚታየው ሰማያዊ አፋፍ ገና ያልተወጣው ዳገት ነበር።

የግመሎቹ ዳገት

መኪናው ሲቀር ሸክሙ ሁሉ በግመል ላይ ወደቀ። ዊንጌት በመጽሐፍ ቅዱስ 300 ሰው ይዞ ብዙ ሠራዊት ባሸነፈው በጌዴዎን ስም የሰየመው ኃይል፣ መደበኛ ወታደሮቹ 2,000 የማይሞሉ ነበሩ። የሱዳን መከላከያ ኃይል የጠረፍ ሻለቃ አንዱ ክፍል ነበር፤ ሌላው፣ ከአገራቸው ተሰደው በኬንያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተቋቋመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነው። ለዚህ ኃይልና ለአርበኞቹ ጥይቱን፣ ጠመንጃውን፣ እህሉንና ገንዘቡን ለማድረስ ከሱዳን 15,000 ያህል ግመሎች ተሰባስበው እንደ ነበር በዘመቻው ታሪክ ተደጋግሞ ይጠቀሳል።

ግመል ለአሸዋ የተፈጠረ እንስሳ ነው። እግሩ ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ በአሸዋ ላይ አይሰምጥም፤ ያው ልስላሴ ግን በሾለ ድንጋይ ላይ ይቆረጣል፤ በእርጥብ ዳገት ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። የሚበላውን ቅጠል ያውቃል፤ የደጋው ሣር ግን ባዕድ ነው። የቀን ሙቀት ይችላል፤ የእንጅባራን ሌሊት ብርድ ግን አልለመደም። በዚህ ላይ ጭነቱ ከባድ፣ ዕረፍቱ ጥቂት፣ ከነጂዎቹም ብዙዎቹ የደጋን ዳገት አይተው የማያውቁ ነበሩ። በመተከል በኩል ወደ አፋፉ በሚያወጣው ጎዳና ግመሎቹ አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። ኋላ የመጣው ቅፍለት የፊተኛውን መንገድ ለማወቅ መሪ አላስፈለገውም፤ የሞቱት ግመሎች ሽታ ይመራው ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ግመሎች አዲስ አበባ የደረሱት 53 ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ እንድንቆም እለምናችኋለሁ። 15,000 ተነሥተው 53 ደረሱ። ይህን የመሰለ ኪሣራ የሚያሳይ የጭነት ዕቅድ ዛሬ ለማናችንም ቢቀርብልን ሳናመነታ እንመልሰው ነበር። ዘመቻው ግን ተሳካ። እንግዲህ ምን እንላለን? ስኬቱ ዕቅዱን ትክክል ያደርገዋልን? ወይስ የዕቅዱ ጉድለት ስኬቱን ያሳንሰዋልን? ሁለቱም አይደለም ባይ ነኝ። ዳገቱ መወጣት ነበረበት፤ ተወጣም። ዋጋውም ተከፈለ። የታሪክ ጸሐፊና የመሐንዲስ ግዴታ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ነው።

በዚያ አፋፍ ላይ ከወጡት አዛዦች መካከል ስለ ዳገት ከማንም በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። የጠረፍ ሻለቃው አዛዥ ሂዩ ቡስቴድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 የዓለምን ከፍተኛ ተራራ ኤቨረስትን ለመውጣት ከተጓዘው የእንግሊዝ ቡድን አባላት አንዱ ነበር። ያ ቡድን ከ8,500 ሜትር በላይ ወጥቶ ጫፉን ሳይረግጥ ተመለሰ፤ ተራራው የተወጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ ያ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር የጎጃም ዘመቻ ዓመት ነው። ቡስቴድ በሁለቱም 1933ዎች ዳገት ላይ ነበር።

ከተራራ ወጪዎች ሥርዓት አንድ ትምህርት ይገኛል። ኤቨረስትን ለመውጣት የሚነሣ ቡድን ጫፉን በአንድ ትንፋሽ አይሞክረውም፤ ከታች ወደ ላይ ሠፈር በሠፈር ስንቁን እያከማቸ ይወጣል። ይህንንም የሚያደርገው ጫፉ ላይ በሚቆሙት በሁለት ሦስት ሰዎች ጉልበት አይደለም፤ በብዙ ተሸካሚዎች ጀርባ ነው። የጫፉ ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። የጎጃምም ዳገት እንዲሁ ነው። በሱዳናውያን የግመል ነጂዎች፣ መንገድ በመሩ የመተከል ሰዎች፣ ከላይ ወርደው ጭነት በተቀበሉ የጎጃም ገበሬዎች ጉልበት የተወጣ ዳገት ነው። ስማቸው በየትኛውም ሐውልት ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ቡሬና ማንኩሳ

በየካቲት ወር ኢጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን እየለቀቁ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ቡሬ ተሰባሰቡ። ይህን ያደረጉት ከተወጣው ኃይል ብዛት የተነሣ ሳይሆን ከመሰላቸው ብዛት የተነሣ ነው። በዳገት የተዳከመ፣ ከብቶቹ ያለቁበት ጥቂት ሠራዊት ራሱን ብዙ አስመስሎ ማሳየት ነበረበት። ሌሊት እየተጓዘ፣ ሌሊት እያጠቃ፣ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ለባንዳው እየተጣራ፣ በአርበኞቹም ዙሪያውን እየተረዳ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ ወረደ።

ቡሬ በዚያን ጊዜ በኮሎኔል ናታሌ የሚመራ፣ በቁጥርም በመሣሪያም እጅግ የሚበልጥ የጠላት ጦር የሠፈረባት ምሽግ ነበረች። ከየካቲት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቡሬና ከቡሬ ወደ ደንበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ በጥቃት ተዋጡ። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን በሌላ ዓይን ያውቃታል፤ በዚያ ዓመት ግን ማንኩሳ የመትረየስና የቦምብ ሜዳ ነበረች። የካቲት 25 ቀን ናታሌ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደንበጫ ጎዳና ወጣ። የወጣው ግን ተሸንፎ እንደሚሸሽ ሰው ተበታትኖ አልነበረም፤ ታንክ መሰል መኪኖቹን፣ መድፉንና ሺህ በሺህ የሆነ እግረኛውን አሰልፎ ነው።

በመንገዱም ላይ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ያለችበትን አገር አልፎ፣ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ቻራካ በሚሉት ወንዝ አጠገብ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ቀድሞ ሠፍሮ ነበር። የካቲት 27 ቀን ያ ሙሉ የጠላት ጦር በዚህ አንድ ሻለቃ ላይ መጣ። ስደተኞቹ ወታደሮች መድፍ አልነበራቸውም፤ የሚደርስላቸውም አልነበረም። ቢሆንም ሸሽተው መንገዱን አልለቀቁም፤ ተዋጉ፣ ወደቁ፣ ቆሰሉ፣ የጭነት ከብቶቻቸውም አለቁ። ጠላት በላያቸው ላይ አልፎ ደንበጫ ደረሰ። በጦር ሜዳ ስሌት ይህ ሽንፈት ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ የናታሌ ጦር ወደ ቡሬ ለመመለስ አልሞከረም። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

እነዚያ የሻለቃው ሰዎች አገራቸውን በስደት ለቅቀው፣ በባዕድ አገር ሠፈር ኖረው፣ ከኬንያ እስከ ካርቱም፣ ከካርቱም እስከ በላያ፣ ከበላያ እስከ አፋፉ ተጉዘው በመጨረሻ በዚያ ወንዝ ዳር የቆሙ ናቸው። ጽናት ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ እኔ የምጠቁመው ወደ አዲስ አበባው ሰልፍ ሳይሆን ወደዚያ ወንዝ ነው።

ከሥራ ገጠመኜ

ይህን ታሪክ የምጽፈው ከወንበሬ ላይ ሆኜ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ጥናት ምክንያት ከቡሬ በስተደቡብ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድበት ገጠር፣ የቅየሳ ቡድን ይዤ ከርሜ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው። ክረምቱ ሳይጠነክር ሥራውን ለመጨረስ ቀን በቀን ከገደሉ ጋር እንታገል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ አባራ፤ የቀሩን ሦስት ነጥቦች ብቻ ነበሩ። በአጠገባችን ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ወደ ገደሉ ስናመራ አይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ተዉት» አሉኝ። «ዳገቱ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ነገም እዚሁ ነው። ዝናም የነካው ድንጋይ ግን አይታመንም።»

«አባባ፣ የቀረን ጥቂት ነው፤ ቶሎ እንመለሳለን» አልኋቸው።

ሁለቱን ነጥቦች ያለ ችግር ያዝን። በሦስተኛው ላይ ፕሪዝሙን ይዞ ከፊቴ የወጣው የቀን ሠራተኛ፣ የዚያው አገር ወጣት፣ እግሩ ከእርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። በሕይወት የተረፈው አንድ ቁጥቋጦ ስለያዘው ነው፤ ክንዱ ግን ተሰበረ። ፕሪዝሙን አልለቀቀውም ነበር። ያው ሽማግሌ መንደሩን ጠርተው፣ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ሌሊቱን በዳገቱ አውጥተው መኪና ከሚገኝበት አደረሱት። እኔ ከኋላ ባትሪ እያበራሁ ተከተልሁ። ከተሸካሚዎቹ አንዱም አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም፤ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

በወሩ መጨረሻ የጻፍሁት ሪፖርት፣ የተያዘው ሥራ በዕቅዱ መሠረት ተጠናቋል ይላል። አረፍተ ነገሩ ሐሰት አልነበረበትም። ሦስተኛው ነጥብ በማግሥቱ ተይዟል፣ ካርታውም ተሠርቷል። ስለ ክንዱ ግን በዚያ ገጽ ላይ ምንም የለም፤ እንድጽፍ የከለከለኝ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ያልጻፍሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ በልቤ የነበረው ስሜት ድፍረት መስሎኝ ነበር። ዛሬ መለስ ብዬ ስመረምረው ግን ድፍረቱ የእኔ አልነበረም። አደጋው በሌላ ሰው እግር ሥር ሳለ፣ እኔ ከታች ቆሜ የምወስነው ውሳኔ ጀግንነት ሊባል አይችልም። ፕሪዝሙን ይዞ የወጣው ወጣትና በጨለማ ቃሬዛ የተሸከሙት ጎረምሶች ናቸው የጸኑት።

የ53ቱን ግመሎች ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያ ሪፖርት ትዝ አለኝ። የዘመቻው ትረካ አዲስ አበባ ተገባ በሚለው ሲዘጋ፣ የእኔም ሪፖርት ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ ተዘግቷል። በሁለቱም ዘንድ የጎደለው የሸክሙ ታሪክ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው የ1933ቱ ዳገት ሦስት ነገሮችን ያስተምረናል። አንደኛ፣ ከላይ የሚቀበል ከሌለ የሚወጣ የለም። የጎጃም አርበኞች አፋፉን ይዘው ባይቆዩ ኖሮ የጌዴዎን ኃይል ከበላያ አያልፍም ነበር። በሥራችንም እንዲሁ ነው፤ የአገሬው ሕዝብ ያልተቀበለው መንገድ፣ የሽማግሌው ምክር ያልተጠየቀበት ቅየሳ፣ ጫፍ ላይ ቢደርስ እንኳ አይጸናም። ሁለተኛ፣ በካርታ ላይ አጭር የሆነው መስመር በመሬት ላይ አጭር ላይሆን ይችላል፤ መኪኖቹን በፈፋ ውስጥ ያስቀረው ይህ ስሕተት ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ ጽናት ማለት ዋጋውን አለማየት አይደለም። ዋጋውን እያዩ፣ ቆጥረውም እየጻፉ፣ መወጣት ያለበትን ዳገት መውጣት ነው። መወጣት የሌለበትንም ለነገ ማሳደር ነው። በወንዙ ዳር የቆሙት ወታደሮች ያን ቀን ለነገ የሚያሳድሩት ነገር አልነበራቸውም። እኔ በዚያ ሰኔ ከሰዓት በኋላ ነበረኝ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ ማወቅ ከድፍረት ሁሉ የሚበልጥ ድፍረት ይመስለኛል።

ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙ ለአንድ ከተማ ስም ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የመንገድ ሠራተኛ የሚነበብ ምኞት ነው። በዚያች ከተማ በኩል የሚያልፈውን ጎዳና ያየሁት ሁልጊዜ በመኪና መስኮት ነው፤ ከቡሬ ተነሥቶ ማንኩሳን አልፎ ወደ ደንበጫ ሲወርድ መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ ሰው ሳያስበው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ግን አሁን አሁን በዚያ ጎዳና ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከኋላዬ፣ ከአድማሱ ማዶ፣ በዓይን የማይታየው አፋፍ እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ ሥር ደግሞ 53ቱን ያልተከተሉት ሁሉ ቀርተዋል።

የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ከጨረስሁ በኋላ የድሮውን ሪፖርት ቅጂ ከፋይሌ አውጥቼ በኅዳጉ ላይ አንድ መስመር ጨመርሁበት፦ «በሦስተኛው ነጥብ ላይ አንድ ሰው ክንዱ ተሰብሯል፤ ፕሪዝሙን አልለቀቀም።» ያ ቅጂ ለማንም የሚሄድ አይደለም። ሆኖም ቁጥሩ አሁን ሙሉ ነው።